ሚካኤል የሚመለስ ዕለት

ድንቅቱ መጀመሪያ የወደደችው የመልከጼዴቅን እጅ ነበር።

ነጭ ጓንት ያጠለቀ ቀኝ እጁን ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ከፍ ሲያደርገው ምንጣፍ የሚጠቀልሉት ወጣቶች ከኋላ ብድግ ይላሉ። ወደ ጎን ሲዘረጋው መዘምራኑ መንገድ ይለቃሉ። ቀስ አድርጎ ወደ ደረቱ ሲመልሰው ያ ሁሉ ሕዝብ ረጋ ይላል። በአንገቱ ፊሽካ ቢያንጠለጥልም እምብዛም አይነፋትም። «ታቦት ፊት ፊሽካ ደግሞ ምን ይሉታል!» ይላል። ሱሉልታ ውስጥ የሰፈራቸው ሚካኤል በጥምቀት ወደ ባሕሩ ሲወርድና ሲመለስ የሰልፉን ሥርዓት የሚመራው እሱ ነው። ድንቅቱ ደግሞ ዘማሪት ናት። በአንዱ ጥምቀት ከመዘምራኑ መካከል ሆና ስታጨበጭብ፣ እጁ አየር ላይ እንዳለ ዓይኑ ከዓይኗ ጋር ተገናኘና ማውረዱን ረሳው። ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ። ዲያቆኑ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ነው ወደ ራሱ የተመለሰው።

ከዚያ በኋላማ ፍቅርና ሳል አይደበቅም።

መልከጼዴቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ያደገበት ቤት ሲፈርስ ከእናቱ ከወይዘሮ የወይንሐረግ ጋር ሱሉልታ መጥቶ ክፍል ተከራየ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ጠዋት በሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ይወርዳል፣ ማታ በዚያ በሱሉልታ ብርድ ይመለሳል። ድንቅቱ ግን የአገሬው ልጅ ናት። የወተት ማኅበሩ ዘንድ ገበሬው በጣሳ የሚያመጣውን ወተት ትረከባለች፣ ውኃ እንዳልገባበት ታያለች፣ ለፈለገም ትሸጣለች። መልከጼዴቅ ከሚኒባስ በወረደ ቁጥር እዚያው ጎራ ብሎ ወተት ይገዛል። እናቱ ወተት ጨርሶ እንደማይስማማቸው ያወቀችው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ወተት ማን ይጠጣዋል?» አለችው እየሳቀች።

«እኔ ነኛ! ሱሪ ሁሉ ጠቦኝ የለም እንዴ!»

በመካከላቸው የቆሙት የድንቅቱ አባት፣ ኦቦ ጂሬኛ ነበሩ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከመሬታቸው ላይ የማይነቃነቁ፣ ቁመናቸው የሚያስፈራ፣ ሆዳቸው ግን ቅቤ የሆነ ገበሬ ናቸው። በጥምቀት ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት ክብር አላቸው። ከታቦቱ ፊት የሚሄዱትን የአካባቢውን ፈረሰኞች የሚመሩት ኦቦ ጂሬኛ ናቸው። ዳማ የሚባለው ፈረሳቸው በቀይ ክር ጌጥ አጊጦ ብቅ ሲል ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ያጨበጭባል።

ስለ ተከራዮች ሲነሳ ክፉ አይናገሩም። ልጅ ስለመስጠት ሲነሳ ግን ቃላቸው አንድ ነው። «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን ዘመዳቸው የት ነው? ልጄን ቢያማት ማን በር ያንኳኳላታል? ቤቱን እንደ ቀንድ አውጣ ተሸክሞ የሚዞር ሰው የት ሊያሳርፋት ነው?»

መልከጼዴቅ ይህን ያውቃል። እንዲያም ሆኖ «ጥምቀት ይለፍና ሽማግሌ እልካለሁ» ብሏታል። ይህችን ቃል ይዛ ነበር ድንቅቱ ታኅሣሥን በሙሉ በደስታ ስትንሳፈፍ የከረመችው።

✻

የበዓሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ የተበተነ ዕለት ሊቤ ወደ ግቢያቸው መጣ። ሊቤ ከአባቷ ጎን የሚጋልብ የዕድሜ ጓደኛቸው ነው። ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምሮ ሳይጨርሰው ወሬውን በአማርኛ ቀጠለ።

«ጂሬኛ፣ ዘንድሮ ፈረስ የለም። ሰው በዝቷል፣ ፈረስ ይቅር ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ኮሚቴው ነዋ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ግን ያ ባለ ጓንቱ ልጅ ነው።»

ድንቅቱ የላም ገመድ እጇ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። አባቷ ከተቀመጡበት ተነሱ። ወደ ጋጣው ገቡና የዳማን ቀይ ጌጥ አንድ በአንድ እየፈቱ አወረዱ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አባቴ ከዚህ ታቦት ፊት ጋልቧል፤ አያቴም ጋልቧል» አሉ። «እኔን ያወረደኝ ግን ትናንት የመጣ ተከራይ ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ አላውቅም ብለሽ ነው? አውቃለሁ። ሽማግሌ ሊልክ አስቧል አሉ። እኔን ከፈረሴ አውርዶ በደጄ ሊገባ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

«ልጄ» ብለው በኦሮምኛ የጠሯት ድምፃቸው ከቁጣቸው ይልቅ ጎዳት። አባቷ ሲሸነፉ አይታ አታውቅም ነበር።

መልከጼዴቅ ደወለ፤ አላነሳችም። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከ፤ አልከፈተችም። በማግስቱ ራሱ መጣ። ወተት የሚያስረክቡት ገበሬዎች እስኪሄዱ ድረስ ከደጅ ቆሞ ጠበቀ።

«ድንቄ፣ ስሚኝ።»

«ወተት አልቋል።»

«ወተት ፈልጌ አይደለም የመጣሁት።»

«ድሮም ፈልገህ አታውቅም!» አለች። ቀልዳቸው የነበረው ነገር አፏ ውስጥ ሲመርር ተሰማት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እጅህን አውጥተሃል ወይስ አላወጣህም?»

«አውጥቻለሁ።»

«መጀመሪያ?»

«መጀመሪያ።»

ውሸት ብሎ ቢክድላት በወደደች። የወተቱን ጣሳ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«አባቴ መሆናቸውን እያወቅክ?»

«እያወቅኩ። ምክንያት አለኝ።»

«በላ ንገረኝ።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰላት። ራሱን ነቀነቀ። «ለአንቺ ስል ነው የማልነግርሽ። ለሌላ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

«እንግዲያው ለኔ ስትል የምትደብቀውን ነገር ይዘህ ሂድ» አለችው። «ከእንግዲህም እዚህ አትምጣ።»

ሄደ። አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየም። ድንቅቱ ዞር ባይል እንደሚሻል ታውቅ ነበር፤ ቢዞር ሮጣ ትከተለዋለች። ያን ቀን የለካችውን ወተት መልሳ ስትለካ ዋለች። ሰውን በአንድ ጊዜ መጥላትና መናፈቅ እንደሚቻል ያወቀችው ያኔ ነው።

✻

ከተራ ደረሰና ታቦቱ ወረደ። ምንጣፉ ተነጠፈ፣ መዘምራኑ ወረብ አቀረቡ፣ ጥላዎቹ በፀሐዩ አብረቀረቁ። ነጩ ጓንትም እንደ ወትሮው ከፍ ዝቅ አለ። ነገር ግን ከሰልፉ ፊት ፈረስ አልነበረም። አዛውንቶቹ አንገታቸውን አስግገው የባዶውን መንገድ ጫፍ ያያሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን ይደፋሉ። ኦቦ ጂሬኛ ከቤታቸው አልወጡም። ድንቅቱ ዘመረች፤ ግን ወደ እጁ አላየችም። እሱም ወደ መዘምራኑ በኩል ትእዛዝ ሲሰጥ ፊቱን ወደ መሬት እያደረገ ነበር።

ታቦቱ ወደ ድንኳኑ ከገባ በኋላ ሴቶቹ ለምንጣፍ አንጣፊዎቹ ድፎ ዳቦ ይቆርሱ ጀመር። ድንቅቱ ልታግዝ ስትጠጋ ከፊቷ የተቀመጡት የመልከጼዴቅ እናት ሆነው አገኘቻቸው። ወይዘሮ የወይንሐረግ ቢላውን በግራ እጃቸው ይዘው ይታገላሉ። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተጣሞ ዳቦው ላይ እንዲሁ አርፏል።

«ያምጡት፣ እማማ፣ እኔ ልቁረስ።»

«ተባረኪ ልጄ።»

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ኧረ ተይው፣ ከረመ እኮ። ከደረጃ ላይ ወድቄ ነው።»

ድንቅቱ ቢላውን ዳቦው ላይ እንዳደረገች ቀና አለች። የሚኖሩበትን ቤት ታውቀዋለች፤ ከግቢው ጋር እኩል የሆነች ምድር ቤት ናት። ደረጃ የሚባል ነገር በአጠገቧ የለም።

«የት ያለ ደረጃ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወዲያ ወዲህ አዩ። ውሸት የማይችሉ ሰው ነበሩ።

«አታናዝዢኝ ልጄ» አሉ በለሆሳስ።

«እማማ፣ ልጅዎ ሊነግረኝ ያልቻለው ይህን ነው?»

«ልጅዎ» ስትላቸው ዓይናቸው ሞላ። ዳቦውን ትተው እጇን ያዙ።

«አምና ነው፤ ሚካኤል ሲመለስ። ከአስፋልቱ ጫፍ ቆሜ ነበር። አንዱ የጭነት መኪና ክላክሱን ሲያንባርቀው ፈረሱ ደነበረ። እኔ ወደቅኩ፤ እጄ ኮቴው ሥር ገባ። ሰውየው አላዩኝም፤ ልጓሙን ሊይዙ ይታገሉ ነበር። ልጄ ግን አይቶ እየሮጠ መጣ። ሊጮህባቸው አፉን ሲከፍት፣ በደኅናይቱ እጄ አፉን ያዝኩት።»

«ፈረሱ...» አለች ድንቅቱ፤ መልሱን ሳይነግሯት አውቃዋለች።

«ዳማ ነው። አባትሽ ናቸው።»

የመዘምራኑ ከበሮ ከሩቅ ይሰማል። ድንቅቱ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ዝም አላችሁ?»

«የልጄ ዓይን የት እንዳለ እናት ትስታለች? የልጅቷን አባት በአገሩ ፊት ካዋረድን በኋላ ማን ሴት ልጁን ይሰጠናል ብዬ ነዋ! እሱም ቢሆን አባቷን አላሳፍርባትም አለ። ዘንድሮ ኮሚቴው ላይ ግን ሌላ እናት ከኮቴ ሥር እንዳትገባ ፈራ። እጁን አወጣ። ለምን ቢሉት ሕዝብ በዝቷል ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም።» ከዚያ ጣቷን ጠበቅ አደረጉት። «ለማንም አትነግሪም አይደል? በሞቴ!»

ድንቅቱ ጎንበስ ብላ የተጣመመውን አንጓ ሳመችው። ቃል ግን አልሰጠችም። ደረቷ ውስጥ እንደ ድንጋይ የከበደው ቁጣ ቀልጦ እንባ ሆነባት። ለማን እንደምታለቅስ ግን አላወቀችም፤ ለእሳቸው ይሁን፣ ለአባቷ፣ ወይስ «አትምጣ» ብላ ለመለሰችው ለዚያ ሰው።

✻

ጥምቀት ውሎ ሌሎቹ ታቦቶች ሲገቡ ሚካኤል እንደ ወጉ አደረ። የሚመለስበት ዕለት ጠዋት ድንቅቱ ነጭ ልብሷን ለብሳ ወደ አባቷ ሄደች። ጋጣው ደጃፍ ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ሆነው ዳማን ያያሉ።

«አባ፣ የምነግርዎ ነገር አለ። ሳይቆጡ ይስሙኝ።»

«ስለዚያ ልጅ ከሆነ አልሰማም።»

«ስለ እናቱ ነው።»

ነገረቻቸው። አንዱንም ሳታስቀር፣ አንዱንም ሳትጨምር ነገረቻቸው። ስትናገር ዓይናቸውን ለማየት ድፍረት አጣች። ስትጨርስ ፈረሱ ብቻ ድርቆሹን ይቆረጥማል።

«የትኛው እጇ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ቀኙ።»

ኦቦ ጂሬኛ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሰምቻታለሁ» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰላት። «የሴት ድምፅ ሰምቻለሁ። እልልታ መሰለኝ። ለእኔ እልል ያለች መሰለኝና ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ።»

«አባ...»

«ሂጂ፣ ሰልፉ እንዳያመልጥሽ።»

ልትነካቸው እጇን ዘረጋች፤ አልፈቀዱም። ሄደች፤ ግን እግሯ ከመሬት አልነሳላት አለ። ሁለቱን ሰዎች ልታስታርቅ ብላ ሁለቱንም ያጣች መሰላት። አባቷን በእርጅናቸው ሰበረች። የዚያን ሰው ምሥጢር ደግሞ ገልጣ ሰጠች።

✻

ሰልፉ ቀስ እያለ ይመለስ ነበር። ፀሐዩ በረታ። ወደ እነድንቅቱ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ከፊት ያሉት ወጣቶች ተንጫጩ።

«ፈረስ! ፈረስ መጣ!»

«ተከልክሏል እኮ! አስወጡት!»

ኦቦ ጂሬኛ መንገዱ ዳር ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ እግራቸው ባዶ ነው። ዳማ ጌጡን ሁሉ አጥልቆ ከኋላቸው ቆሟል፤ ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም። ወጣቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊያግዷቸው ሲሮጡ መልከጼዴቅ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ሰልፉ በሙሉ ቆመ። ከበሮው ሳይቀር ዝም አለ።

ብቻውን ወደ እሳቸው ሄደ። ድንቅቱ በዓይኗ ተከተለችው። ፊቱ ነጥቷል፤ ጠብ ሊመጣ ነው ብሎ ማሰቡን ከአካሄዱ አወቀች። አንገቱን ዝቅ አድርጎ «አካም ቡልተኒ፣ አባባ» አለ። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ «እንዴት አደሩ» ማለቱ ነበር። ኦሮምኛው ያችው ናት። በሌላ ቀን ቢሆን ድንቅቱ በሳቅ በፈረሰች።

ኦቦ ጂሬኛ አልሳቁም። ልጓሙን ለሊቤ አቀበሉ። «ያዘው፤ ከዚህ አያልፍም» አሉትና ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«እናትህ የት ናት?»

መልከጼዴቅ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ዓይኑ በመዘምራኑ መካከል ድንቅቱን ፈልጎ አገኛት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ድንቅቱ አንገቷን አልደፋችም። «አዎ፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች በዓይኗ። ያየችው ቁጣ ይሁን ምስጋና መለየት አቃታት።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ከሴቶቹ መካከል እየተገፉ ወጡ። ሽማግሌው ሲያዩዋቸው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተንበረከኩ።

«በስመ አብ! ምን ያደርጋሉ? ኧረ ይነሱ!»

«አልነሳም» አሉ ኦቦ ጂሬኛ። «አምና እዚችው ቦታ ላይ ፈረሴ ረግጦዎታል። ጩኸትዎን እልልታ ነው ብዬ አለፍኩ። ዓመቱን ሙሉ አንቱ በተሰበረ እጅዎ ዝም ብለዋል፤ እኔ ግን ተዋረድኩ ብዬ ቤቴ ተቀምጬ ሳኮርፍ ሰነበትኩ። ይማሩኝ።»

ወይዘሮ የወይንሐረግ ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው፣ በተጣመመውም ጭምር፣ የሽማግሌውን ክንድ ይዘው ወደ ላይ ሳቡ።

«እኔ ያን ለት ነው የማርኩዎት። ይነሱ፣ ታቦት ቆሟል።»

ኦቦ ጂሬኛ ተነሱ። እልልታውን የጀመሩት ራሳቸው ወይዘሮ የወይንሐረግ ነበሩ። ከዚያ ሴቱ ተቀበለ፤ መንገዱ በእልልታ ተናወጠ። ድንቅቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። አጠገቧ ያለችው ዘማሪት በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችላት።

መልከጼዴቅ ሽማግሌውን አንድ ነገር ሲጠይቃቸው፣ እሳቸውም ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየች። ከዚያ ጓንቱን እንዳጠለቀ ክንዳቸውን ያዛቸውና ከምንጣፉ ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። ሰልፉ ተነቃነቀ። ፈረሰኞቹ ይሄዱበት በነበረው ቦታ ላይ አባቷ በባዶ እግራቸው ተራመዱ። በፈረስ ላይ ሆነው እንኳ እንደዚያ ረዝመው አይታቸው አታውቅም።

✻

ታቦቱ ወደ መንበሩ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን መልከጼዴቅ ወደ እሷ መጣ። ጓንቱን አውልቆ ኪሱ ከቶታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣ ሰው በሚያያቸው ቦታ ተራርቀው ቆሙ።

«ነገርሻቸው።»

«ነገርኳቸው። ተቆጣህ?»

«መንገዱ ዳር ቆመው ሳያቸው አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። ሲንበረከኩ ግን...» ኪሱ ውስጥ ያለውን ጓንት ዳሰሰ። «አባቴን አላውቀውም ድንቄ። አባት እንደዚያ ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም? ያን ቀን ስጮህብህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺን ላገኝ ብዬ አባትሽን ከልብሽ ላውርድ? በዓለም ላይ ያሉሽ እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል አልኩ።»

ስትዘጋበት የከረመችው ስልክ፣ ያልከፈተቻቸው መልእክቶች፣ ያ «አትምጣ» ያለችው ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አሏት።

«ይቅር በለኝ» አለች በመጨረሻ።

«እናቴን ስሚያት፤ እኛ ቤት ይቅርታ የሚሰጠው ሳይጠየቅ ነው።» ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «አባትሽ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ብለውኛል።»

«ምን አሉህ?»

«ስለ ሽማግሌ አነሳሁባቸው። ድፍረቴ ከየት እንደመጣ እንጃ።»

«እሺ?»

«"ሽማግሌ አልቀበልም" አሉኝ።»

ዋርካው፣ ቅጥሩ፣ የሚበተነው ሕዝብ ሁሉ ከዓይኗ ራቀ። እንግዲያው ያ መንበርከክ ለእናቱ ብቻ ነበር? ለእነሱ የተረፈ ነገር የለም?

መልከጼዴቅ እንባው መጣበት፤ ግን እየሳቀ ነው።

«"ሽማግሌ አልቀበልም። እናትህ ትምጣ" አሉኝ። "እሷ ከመጣች ሌላ ሰው አያስፈልግም" አሉኝ።»

ድንቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ ቅጥሩ ውስጥ ነውር ነውና አልያዘችውም። ብቻ ቆማ አየችው፤ እሱም ቆሞ አያት፤ ሁለቱም መሄድ እንዳለባቸው እያወቁ አልሄዱም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘምር ደስታ ምን ያህል እንደሚከብድ የነገራት ሰው አልነበረም። ያን ለት አወቀችው፤ ከበዳት፣ ግን ለማንም ላካፍል አላለችም።